ሰምና ወርቅ በሚዛን ላይ፤ ተማሪ የግጥምን ምሥጢር መረዳቱ እንዴት ሲመዘን እንደኖረ

የመሐንዲስ ሥራ በመለካት ይጀምራል፤ በመለካትም ይፈጸማል። የአፈሩ የመሸከም ኃይል፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ፣ የወንዙ ሙላት ሳይለካ ድልድይ አይዘረጋም። ነገር ግን በመለኪያ የሚተዳደር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከመለካት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የያዝነው መሣሪያ የሚለካው በእርግጥ እኛ ይለካል ያልነውን ነገር ነውን? የሚለው ነው። የተስተካከለ ሜትር ርዝመትን በትክክል ይነግረናል፤ ክብደትን ግን አንድ ሺህ ጊዜ ቢዘረጋም አይነግረንም።

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ መለኪያዎች ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ስለ ሜትርና ስለ ኪሎ መጻፍ በቀለለኝ ነበር። ሆኖም ለመለካት እጅግ የሚያስቸግረውን፣ የመለኪያው ስሕተትም ሳይታወቅ የሚያልፈውን አንድ ነገር መረጥሁ። ተማሪ ግጥም ሲያነብ በዘይቤ የተሸፈነውን አሳብ መረዳቱ፣ አንዱም ቃል ከሌላው ተለይቶ ለምን እንደተመረጠ ማወቁ በምን ይመዘናል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ እንጂ ባለቅኔ አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩን የሚመለከተው በሙያው መነጽር መሆኑን አንባብያን ይገነዘቡለት ዘንድ ይሻል።

የቅኔ ቤት ሚዛን

በአገራችን ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅኔ ጉባኤዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በተግባር ሲመልሱት ኖረዋል። በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጅ ስም የሚታወቁት ሦስቱ የቅኔ ስልቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ቢኖራቸውም፣ ተማሪን የሚመዝኑበት መሠረት ተመሳሳይ ነው። ተማሪው የግዕዝን ግስና አገባብ ያጠናል፤ መምህሩ የሚነግሩትን ቅኔ እየሰማ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መፍታትን ይለማመዳል፤ ከዚያም ጭር ወዳለ ስፍራ ሄዶ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። የቈጠረውንም ተመልሶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። የቅኔውን ዓይነቶች ሁሉ ያዳረሰ ተማሪ ቤት ሞላ ይባላል።

የዚህን ፈተና አሠራር በመሐንዲስ ዓይን ላየው አራት ነገሮች ጎልተው ይታዩታል። አንደኛ፣ ተማሪው ምሥጢር እንደገባው የሚመሰከረው ከተዘጋጁ መልሶች አንዱን በመምረጥ ሳይሆን ራሱ ሠርቶ በማሳየት ነው። ሁለተኛ፣ መምህሩ «ተበላሽቷል» ብለው ብቻ አይተዉትም፤ ጉድለቱ ከግሱ ይሁን ከአገባቡ፣ ከዜማው ልክ ይሁን ከምሥጢሩ፣ ለይተው ያቀኑለታል። ሦስተኛ፣ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን ስለሚጠበቅበት፣ የፈተናው ጥያቄ አስቀድሞ ሊሰረቅ አይችልም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የሚያስታውስ ሰው፣ የዚህ ጠባይ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አይሰወረውም። አራተኛ፣ ፍርዱ በአደባባይ ነው። ቅኔ በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ሊቃውንቱ ያዳምጣሉ፤ ያማረ እንደሆነ «ይበል» ይላሉ፤ የጐደለም እንደሆነ ጉድለቱ ከጆሯቸው አያመልጥም።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ራሱ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሙያ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ከዚህ ሥራ ለአንባቢም የሚሆኑ ሁለት ሕጎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ወርቁ ሰሙ ካልነበረበት ስፍራ ሊደርስ አለመቻሉ ነው። በግጥሙ ቃላት ያልተቀረጸ ትርጉም ምንም ያህል ቢያምር የአንባቢው ፈጠራ እንጂ የግጥሙ ወርቅ አይደለም። ሁለተኛው፣ በሰሙ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ በወርቁ ላይ መታየቷ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ሲለወጥ ምሥጢሩም አብሮ ይለወጣል። ቅኔ ከአንጥረኛው ሥራ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ በቅኔ ሰሙ ቀልጦ አይጠፋም። ሁለቱም በአንድነት እንደቆሙ ይኖራሉ፤ ፍቺ የሚያውቅ ሰውም ሁለቱንም ያሳያል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሹመት ሲሰጠው «ይህ ሹመት አይገባኝም» አለ እንበል። ሰሙ ትሕትና ነው፤ እኔ ለዚህ የምበቃ አይደለሁም ማለቱ ነው። ወርቁ ግን ነቀፋ ነው፤ የአሿሿሙን ነገር ላስተውለው አልቻልሁም ማለቱ ነው። ሁለቱን አሳብ የተሸከመው ምሰሶ «አይገባኝም» የሚለው አንድ ቃል ነው። በእርሱ ፈንታ «አይመጥነኝም» ብንል ትሕትናው ይቀራል፣ ነቀፋው ይጠፋል። «አልተረዳሁትም» ብንል ደግሞ ነቀፋው ይቀራል፣ ትሕትናው ይጠፋል። አንድን ምሰሶ በአሳብ ነቅሎ ቤቱ ይቆም እንደሆነ መመርመር የእኛ ሙያ የዘወትር ልማድ ነው። የቃልን አመራረጥ ለመፈተንም ከዚህ የተሻለ መንገድ ለመገኘቱ እጠራጠራለሁ።

ይሁን እንጂ የቅኔ ቤቱ ሚዛን እንከን የለሽ ነበር ማለት አይቻልም። ተማሪው የሚመዘነው ዘወትር በአንድ መምህር ስለሆነ የመምህሩ ዝንባሌ የተማሪው ዕጣ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ በቁራሽ እንጀራና በደበሎ የሚገፋ ሕይወትንም ይጠይቃል። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ መምህርት ቢነሡም፣ በሩ ለሴቶች ሰፊ ሆኖ አልኖረም። ይህንን አሠራር እንዳለ አንሥቶ ለሚሊዮን ተማሪዎች ማዋል የማይሞከር ነው።

የካምብሪጁ ሙከራ

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት አይ. ኤ. ሪቻርድስ (እ.ኤ.አ. 1893–1979) ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ አነሡት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት የደራሲያቸው ስም ያልተገለጸ ግጥሞች ለተማሪዎቻቸው ያድሉ ጀመር። ተማሪዎቹ ግጥሞቹን ለአንድ ሳምንት ያህል ደጋግመው እያነበቡ የተረዱትንና የተሰማቸውን ጽፈው ስማቸውን ሳይገልጡ ይመልሱ ነበር። ሪቻርድስ ከእነዚህ ወረቀቶች ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1929 «ፕራክቲካል ክሪቲሲዝም» በተባለው መጽሐፋቸው አሳተሙ። በመጽሐፉ የቀረቡት ግጥሞች 13 ናቸው። ከእነዚህ መካከል የጆን ደን፣ የጄራርድ ማንሊ ሆፕኪንስ፣ የቶማስ ሃርዲና የዲ. ኤች. ሎውረንስ ሥራዎች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ጋር እምብዛም የማይታወቁ ሰዎች የጻፏቸው ተቀላቅለዋል።

ውጤቱ የእንግሊዝን የትምህርት ዓለም ያስደነገጠ ነበር። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ ዋና ትምህርታቸው ያደረጉ፣ በመልካም ትምህርት ቤቶች ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። ነገር ግን የደራሲው ስም በተነሣባቸው ጊዜ ብዙዎቹ የግጥሙን ቀጥተኛ አሳብ እንኳ ለመጨበጥ አልቻሉም። በታላላቅ ባለቅኔዎች የተጻፉት ሲናቁ፣ ደካሞቹ ሲመሰገኑ ታየ። እስከዚያ ድረስ ዕውቀት ይመስል የነበረው ብዙው ነገር ስለ ደራሲው ከመምህር የተሰማ ወሬ እንጂ ከግጥሙ የተቀዳ አለመሆኑ ተገለጠ።

ሪቻርድስ ለወረቀቶቹ ማርክ ሰጥተው አላለፉም። የተሰበረ ምሰሶ ሲገኝ ጥፋቱ ከብረቱ ይሁን ከአሸዋው እንደሚመረመር፣ እርሳቸውም የአነባበቡን ስሕተቶች ለይተው በ10 ክፍል መደቧቸው። ቀጥተኛውን አሳብ መሳት፣ የቃላቱን ድምፅና ምት አለመስማት፣ ምስሎችን አለቦታቸው ማየት፣ ከግጥሙ ጋር ግንኙነት የሌለው የግል ትዝታ ማስገባት፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ ስሜት መመለስ፣ ከልክ ያለፈ ስሜታዊነት፣ ከእምነት የተነሣ መቀበል ወይም መንቀፍ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዚህም ጋር የአንድ ንግግር ትርጉም አራት ወገን እንዳለው አስረዱ። እነርሱም ቀጥተኛ አሳቡ፣ ስለ ነገሩ ያለው ስሜት፣ ለአድማጩ የሚያሳየው ቃናና የተናጋሪው ዓላማ ናቸው። ከፍ ብለን ያየነው «አይገባኝም» የሚለው ቃል በእነዚህ በአራቱ ሲመረመር ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው አንባቢ ራሱ ሊፈትነው ይችላል።

የሪቻርድስ ደቀ መዝሙር የነበሩት ዊልያም ኤምፕሰን ወደ ሥነ ጽሑፍ ከመዞራቸው በፊት በካምብሪጅ የሒሳብ ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ ቃል ብዙ ትርጉም የሚይዝባቸውን መንገዶች በሰባት ዓይነት ከፍለው አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ይህም የእኛ ሊቃውንት ኅብር ከሚሉት ጋር በቅርብ የሚዛመድ ነው። ሪቻርድስም እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ የተለዋጭ ዘይቤን ሁለት ወገኖች የሚለዩ ስሞች አወጡ። አንዱን ተሸካሚ፣ ሌላውን የተሸከመው አሳብ እንደ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝኛ ለሁለቱ ወገኖች የተለየና ቁርጥ ያለ መጠሪያ አለመኖሩ ራሳቸውን አሳስቧቸው ነበር። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሰምና ወርቅ ብሎ ሲጠራቸው ኖሯል። ይህንን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ትምህርት ቤቶች በየመንገዳቸው ሄደው አንድ ስፍራ ሲደርሱ፣ የደረሱበት ስፍራ እውነት ለመሆኑ ምስክር ስለሚሆን ነው።

ቍጥርና መኪና

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሌላ ጅረት ይፈስ ነበር። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ ጥናት አሳተሙ። ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን ወደ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልከው፣ 142 መምህራን ከመቶ እንዲያርሟቸው አደረጉ። አንዱ ወረቀት ከ64 እስከ 98፣ ሌላው ከ50 እስከ 97 የሚደርስ ማርክ አገኘ። ተማሪው ያው፣ ጽሑፉም ያው፣ የተለወጠው መምህሩ ብቻ ነው። ጉዳዩ የእንግሊዝኛ ትምህርት ድክመት ነው እንዳይባል፣ በተከታዩ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ተፈተነ፤ ልዩነቱም ከዚያ የባሰ ሆኖ ተገኘ። አንዱ መምህር ከ30 በታች የሰጠውን ወረቀት ሌላው ከ90 በላይ ሰጠው። የእኛን ትምህርት ከጥርጣሬ ነጻ አድርገን የምናይ መሐንዲሶች ይህንን ልናስታውሰው ይገባናል።

መድኃኒቱ የእራሚውን ፍርድ ከነጭራሹ ማስወገድ መሰለ። ፍሬደሪክ ኬሊ በካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1914 እና በ1915 ገደማ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ የሚፈቅድ የንባብ ፈተና አዘጋጁ። በሚሺጋን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ሬይኖልድ ጆንሰን ደግሞ በእርሳስ የተቀለመን ምልክት የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እየለካ ፈተና የሚያርም መሣሪያ ፈለሰፉ። የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይህንን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1938 ቍጥር 805 ብሎ ለገበያ አቀረበው። እኒሁ ጆንሰን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ዲስክ የሠራውን ቡድን የመሩ ታላቅ መሐንዲስ ናቸው። ሥራቸው የሚደነቅ ነው፤ መኪናው አይደክምም፣ አያዳላም፣ አንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ቢያርም ሁለት ማርክ አይሰጥም።

ነገር ግን እዚህ ላይ በመግቢያችን ወዳነሣነው ጥያቄ እንደርሳለን። መኪናው የሚለካው የእርሳሱን ምልክት ነው። ምልክቱ የግጥሙን መረዳት የሚያሳይ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ቋሚነትና እውነተኛነት ሁለት የተለያዩ የመለኪያ ጠባዮች ናቸው። ሁልጊዜ ሁለት ሳንቲሜትር የሚያሳስት ሜትር ቋሚ ነው፤ ትክክለኛ ግን አይደለም። የምርጫ ፈተና በመጀመሪያው ያተረፈውን በሁለተኛው እንዳያጎድለው ሊጠበቅ ይገባዋል።

በአገራችንም ከቀድሞው የማትሪክ ፈተና ጀምሮ የምርጫ ጥያቄ ሰፊ ቦታ ይዞ ኖሯል። ከጥያቄዎቹም አንዱ የተለመደ ዓይነት አንዲት ስንኝ ጠቅሶ «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» የሚል ነው። ተማሪው ከአነጻጻሪ፣ ከተለዋጭ፣ ከሰውኛና ከግነት አንዱን ይመርጣል። «እንደ» የሚለውን ቃል ያየ ልጅ ግጥሙ ባይገባውም አነጻጻሪ ብሎ ያልፋል። ይህ ልጅ የዘይቤውን ስም አውቋል፤ ዘይቤውን ግን አላነበበም። የምሰሶን ስም ማወቅ ምሰሶው የሚሸከመውን ክብደት ማወቅ እንዳልሆነ ለእኛ መንገር አያስፈልግም።

ጉዳቱም በማርኩ ላይ ብቻ አይቀርም። በአለን ፐርቭስ መሪነት በ10 አገሮች ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲታተም፣ ወጣቶች ለሚያነቡት ጽሑፍ የሚሰጡት ምላሽ ከአገር አገር እንደሚለያይና ይህም ልማድ ከትምህርት ቤት እንደሚቀሰም አመለከተ። እንግዲህ ፈተና የሚመዝን ብቻ ሳይሆን የሚቀርጽም መሣሪያ ነው። ተማሪ በየዓመቱ ከአራት አንዱን እየመረጠ ካደገ፣ ግጥም ማለት መልሱ በሌላ ሰው እጅ ያለ እንቆቅልሽ ይመስለዋል።

አሻሚነትና ጥራት

ምናልባት አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለቴክኒክ የሚዘጋጅ ትውልድ ስለ ሰምና ወርቅ መጨነቁ ምን ይጠቅመዋል? ይሉ ይሆናል። ይህ አሳብ ስመ ጥር ደጋፊ አለው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በአማርኛ ተናጋሪው ባህል ውስጥ ያለው የአሻሚ ንግግር ፍቅር ዘመናዊ ሥራ ከሚፈልገው ግልጽና ቁርጥ ያለ አነጋገር ጋር እንደሚጋጭ ጽፈዋል። አሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሥራ ቦታ ትእዛዝ በቅኔ ቢሰጥ ቤት እንደሚፈርስ የታወቀ ነው።

ሆኖም ሁለት ትርጉም ያለው ንግግርና ትርጉሙ ያልታወቀ ንግግር አንድ አይደሉም። ባለቅኔው ቃሉ የሚይዛቸውን ትርጉሞች ቈጥሮ፣ መዝኖና አቻችሎ ያስቀምጣቸዋል። ይህ የጥራት ተቃራኒ ሳይሆን የጥራት ከፍተኛው ደረጃ ነው። በሥራ ውላችን ላይ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ሐረግ ሲገባ ሥራ ተቋራጩ አንድ ነገር፣ አሠሪው ሌላ ነገር ይረዳል፤ ክርክሩም የሚነሣው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ትርጉም ፈልጎ ማግኘትን በልጅነቱ የለመደ መሐንዲስ ይህንን ሐረግ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያየዋል። ግጥምን በትክክል ማንበብ ለሙያችን ጌጥ ሳይሆን መሣሪያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከታሪኩ የሚቀዳ ምክር

ከሁለቱ ትምህርት ቤቶችና ከመኪናው ታሪክ አንድ የተስተካከለ ሚዛን ሊሠራ ይችላል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ፣ ለፈተና የሚቀርበው ግጥም ተማሪው አስቀድሞ ያልተማረው፣ የደራሲውም ስም ያልተገለጸ ይሁን፤ አለዚያ የምንለካው ትዝታን ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪው ሰሙን፣ ወርቁንና ሁለቱን የተሸከመውን ቃል ለይቶ እንዲጽፍ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ያንን ቃል በተቀራራቢ ቃል ተክቶ ምን እንደጐደለ ያስረዳ። ለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አራተኛ፣ ወረቀቱን አንዱ የሌላውን ፍርድ ሳያይ ሁለት መምህራን ያርሙት፤ እጅግ ቢለያዩ ሦስተኛ ይጨመር። የስታርችና የኤልየት ትምህርት ፍርድን እንድናባርር ሳይሆን ፍርድን በፍርድ እንድናስተካክል ነው።

የተማሪው ቍጥር እጅግ በዝቶ የምርጫ ጥያቄ ግድ ቢሆን እንኳ፣ አሳሳች መልሶቹ ከአዘጋጁ ግምት ሳይሆን ተማሪዎች በእርግጥ ከሠሯቸው የአነባበብ ስሕተቶች ይቀዱ። ያን ጊዜ የተሳሳተው መልስ ራሱ ተማሪው የት ላይ እንደ ሳተ ይናገራል። ስሕተቶቹም እንደ ሪቻርድስ ወረቀቶች ተሰብስበው፣ ተመድበው ወደ መምህራን ይመለሱ። የቅኔው መምህር የተማሪውን ጉድለት ዓይነቱን ለይተው ያቀኑለት እንደነበረ፣ ፈተናም የተማሪን ዕጣ ቈርጦ የሚያልፍ ብቻ ሳይሆን ለመምህሩ ቀጣዩን ትምህርት የሚያመለክት ሊሆን ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ወጪና ድካም እንዳለው አይካድም። ግን የምሰሶን ጥንካሬ ለመፈተን ናሙና ሰብረን የምናይ፣ ለዚህም ወጪ የማንሳሳ ሰዎች፣ የልጆቻችን ማስተዋል ከአንድ የእርሳስ ምልክት የበለጠ ምርመራ አይገባውም ብንል ምክንያታችን ለማንም አይገባም።